ከገበጣ ጉድጓድ እስከ ስልክ ገጽ

ገበጣ በኢትዮጵያ ከታወቁት ጥንታዊ የአእምሮ ጨዋታዎች አንዱ ነው። ለጨዋታው ሁለት ተጋጣሚዎች፣ በእንጨት ወይም በመሬት ላይ የተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶችና ጥቂት እፍኝ ጠጠር ይበቃሉ። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አንሥቶ በተከታዮቹ ውስጥ አንድ በአንድ ይዘራል፤ በስሌት የቀደመም የባላንጣውን ጠጠር ይበላል። ባለሁለት ረድፉ ገበጣ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ዘመድ ያለው ሲሆን፣ ባለሦስት ረድፉ ግን የአፍሪካ ቀንድ የራሱ ሀብት ነው ለማለት ይቻላል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት ባሳተሙ ጊዜ፣ ሕጉ ከአካባቢ አካባቢ እየተለዋወጠ ብዙ ዓይነት እንዳለው አሳይተዋል።

እኒሁ ምሁር ከመቅደላ አምባ የተወሰዱት ቅርሶች ለኢትዮጵያ እንዲመለሱ ለብዙ ዘመን የተሟገቱ ሰው ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሕይወታቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ብራናና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ መውረዱ የታወቀ ነው። በመሬት ላይ የተቆፈረ የገበጣ ጉድጓድ ግን በዝሆን አይጫንም። ሕጉም የሚኖረው በተጫዋቾች ልብ ውስጥ በመሆኑ ማንም ማርኮ ሊወስደው አይችልም።

የጨዋታ ሕግ ከሰው ልብ ወጥቶ በመሣሪያ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ይሆናል። ለዚህም ከዚያችው ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ቲምና ክሪስ ስታምፐር የተባሉ ወንድማማቾች በ1982 እ.ኤ.አ. አሽቢ ዴ ላ ዙሽ በምትባል ትንሽ ከተማ የቪዲዮ ጨዋታ መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ስፔክትረም የተባለው አነስተኛ የቤት ኮምፒዩተር ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ጨዋታዎቹም እንደ ዘፈን በቴፕ ካሴት ተቀድተው ይሸጡ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጄትፓክ ዝናን አተረፈላቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ሬር የተባለውን ስቱዲዮ መሥርተው ፊታቸውን ወደ ጃፓኑ ኒንቴንዶ መሣሪያ አዞሩ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶንኪ ኮንግ ካንትሪም በሚሊዮን የሚቆጠር ገዢ አገኘ። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን በ375 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። ሥራው ከተጀመረ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር።

በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ሙያ የያዘው ቅኔ ጌምስ ነው። መሥራቹ ዳዊት አብርሃም ይባላል። የስቱዲዮው ስም ራሱ ሰምና ወርቅን ያስታውሳል። ኩኩሉ በተባለው ጨዋታቸው ተጫዋቹ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን ይመራል። በበዓል ዋዜማ ከእጅ አምልጣ ሰፈሩን ያተራመሰች ዶሮ ያባረረ ልጅ ሁሉ ይህን ጨዋታ ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ ስሙም ከአውራ ዶሮ ጩኸትና ከልጆች ድብብቆሽ የተወሰደ ነው። ስቱዲዮው ቀጥሎም ገበጣን ወደ ስልክ አመጣው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር በመሆን ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ የተባለውን ኅብረት አቋቋመ።

የስታምፐር ወንድማማቾች ካሴታቸውን በሱቅ ሸጠው ገንዘባቸውን በእጃቸው ይቀበሉ ነበር። ለኢትዮጵያዊው ባለሙያ ግን ይህ ቀላሉ ነገር እጅግ ከባድ ነበር፤ ገዢው በውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ የለውምና። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ጥያቄም አለ። ገበጣ በመሬት ላይ ሲካሄድ በዙሪያው የቆሙት ተመልካቾች ሁሉ ዳኞች ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጣ ተጫዋች ቢኖርም በማን ሕግ እንደሚጫወቱ አስቀድመው ተከራክረው ይስማማሉ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ክርክር አያውቅም። አንዱ ሕግ ተመርጦ ይጻፋል፤ ሌላው ይቀራል። በስልክ ብቻ ገበጣን የተማረ ልጅ የአያቱን ሕግ ቢያይ ስሕተት ይመስለዋል። ስለዚህ ለስቱዲዮው ጸሐፊ ከሁሉ የሚያስፈልገው፣ ከመቅደላ ዙሪያ ደጋ እስከ ሌላው ጠረፍ ድረስ ሕጉን በቃላቸው የያዙ አረጋውያን ገና በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ጠጠር መቁጠር ነው።