ለመንገዱ ማን ይጠየቃል?

መርካቶ እህል በረንዳ ከጤፍ ዋጋ በፊት የሚጠየቀው መንገዱ ነው። ከጎጃም የተጫነው መኪና ደጀንን ለቆ እንደሆነ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ጎሃ ጽዮን ወጥቶ እንደሆነ፣ ገርበ ጉራቻን አልፎ እንደሆነ በስልክ ይጣራል። «ሰላም ነው፣ ፍቼ ገብተናል» ከተባለ ደላላው ገዢ መጥራት ይጀምራል። ስልኩ ጠርቶ ካልተነሳ ግን ባለጭነቱ አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል። ረዳቱ ጋ ይደውላል፤ ከኋላ የተነሳ ሌላ ሹፌር ጋ ይደውላል፤ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለው የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሹፌር «ወደዚያ አልሄድም» ቢል የሚወቅሰው የለም።

ከአማኑኤል እስከ አውቶቡስ ተራ ያለው ሰፈር ራሱ መንገድ ያመጣው ሰፈር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ መንዜው፣ ጎጃሜው ከየአቅጣጫው መጥቶ አዲስ ከተማን ሞላው። የዚህ ሰፈር ሰው ጉዞ የሚፈራ ሰው ሆኖ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው «ዘንድሮስ አገር ቤት አልሄድም» ሲል ነገሩ ከጠባይ እንዳልመጣ ማወቅ ይገባል። አለመሄድ በዚህ አገር የቆየ ታሪክ አለው፤ አብዛኛውም ታሪክ የጥንቃቄና የእውቀት ታሪክ ነው።

ለደገኛው ከሁሉ በፊት የሚፈራው ቆላው ነበር። ንዳድ፣ ወባ፣ የቆላ በሽታ እየተባለ ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ወርዶ ያደረ ሰው በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይተኛል። ትንኝ በሽታውን እንደምታመላልስ ሳይንስ ከማረጋገጡ በፊት ገበሬው ሕጉን አውጥቶ ጨርሶ ነበር። ቤትህን አምባ ላይ ሥራ፣ ቆላ ያለህን መሬት ቀን ወርደህ እረስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጣ። ነጋዴውም ዓባይንና ተከዜን ሲሻገር ከሸለቆው ሥር ማደርን አጥብቆ ይሸሽ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይዞ የሚሄደውም፣ የቆላውን ጋኔን የሚፈራውም ምክንያቱን በየራሱ መንገድ ያስረዳ እንጂ መደምደሚያቸው ትክክል ነበር። ክፉው ወቅት ደግሞ ክረምቱ እንዳለፈ የሚመጣው ነው። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅና ሰው ለጉዞ ሲነሣሣ፣ ያቆረው ውኃ ትንኝ የሚያፈላው ያኔ ነው። መተማን ወይም ሰቲትን የሚያውቅ ነጋዴ ስለዚህ አይቸኩልም፤ ኅዳር ታኅሣሥን ይጠብቃል።

ክረምቱን ደግሞ ወንዙ ይዘጋዋል። በጎጃም የባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ ከምንለው አካባቢ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ መናገሩ ቢያሳፍርም፣ ባሪያ የሚራገፍበት ነበር። ዓባይ ሲሞላ በባሶና በማዶው የአሰንዳቦ ገበያ መካከል ያለው ንግድ ይቆማል። ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ የሥራው አካል ስለነበር በዚህ የሚያማርር ነጋዴ አልነበረም።

ወባና ወንዝ ጊዜ አላቸው፤ ታግሠህ ታልፋቸዋለህ። ሽፍታ ግን ወቅት የለውም። አባቶቻችን ለዚህ ያበጁት መላ ዛሬ የተረሳ ይመስለኛል፤ እኔ ግን የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ነው እላለሁ። አንደኛው ቅፍለት ነው። ነጋዴ ብቻውን አይሄድም፤ በነጋድራሱ ሥር ተሰባስቦ፣ አጋሰሱን ጭኖ፣ ጦርና ጠመንጃ ይዞ ይጓዛል፤ ኬላ ላይ የሚደራደርለትም ነጋድራሱ ነው። ሁለተኛው አፈርሳታ ነው፤ በብዙ ቦታ አውጫጭኝ ይባላል። በአንድ አገር ሰው ከተገደለ ወይም ንብረት ከተዘረፈና አድራጊው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተጠርቶ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም፤ ካልወጣም ጉዳቱ በአገሩ ሰው ላይ ይወድቃል። ለንጹሑ ሰው ከባድ ሸክም እንደነበር አይካድም፤ በግፍ የተከሰሰም ብዙ ነው። ያም ሆኖ ለመንገደኛው አንድ ትልቅ ነገር ያረጋግጥለት ነበር፤ የሚያልፍበት መሬት የሚጠየቅ ሰው አለው። ዘራፊው ባይያዝ እንኳ «እዚህ ሆነ» ብሎ የሚከስሰው ባለቤት አለ።

ሰው ከጉዞ የሚቀረው አደጋ ስላለ ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አደጋ ያለበትን መንገድ ሰው ሁልጊዜም ሄዷል። ሰው የሚተወው አደጋ ሲደርስበት ማንም የማይጠየቅለትን መንገድ ነው።

የውጭ ሰዎችም ወደእኛ ሲመጡ ሒሳባቸው ይኸው ነበር።   ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም በስናር በኩል እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ሲደርስ አብሮት የተነሣው ሚሲዮናዊ መንገድ ላይ ሞቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ መልእክተኛ ዱ ሩል ስናር ላይ እ.ኤ.አ. በ1705 ተገደለ፤ የስናር መንገድ ለአውሮፓ ሰው የሞት መንገድ ተብሎ ቆየ።

ወደ ወባው ልመለስ። ያ የደገኛ ሕግ በጥቂት ወራት የፈረሰበት ጊዜ አለ። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ ቆላውን ለቆ ሽቅብ ወጣ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው፣ «እዚህማ አይደርስም» በሚባለው አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገመተ። አዝመራውን የሚሰበስብ ሰው ጠፍቶ እህል ማሳ ላይ የቀረበት አገር ነበር። መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ያቋቋመው ከዚህ በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም. ነው። ዲዲቲ ይዘው ቤት ለቤት የሚረጩ ሠራተኞች ቆላ ወረዱ፤ ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት ገባ። ለዘመናት የተዘጋው ቆላ ያኔ ተከፈተ ማለት ይቻላል። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ እርሻ የተስፋፋው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺዎች ሲወርድ የኖረውም አያቱ በፈራው መንገድ ነው።

መከፈቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። የወረዱትን ሠራተኞች በሁመራ ካላዛር ጠበቃቸው፤ ጉበትና ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው፤ የምታስተላልፈውም ከዓይን የምትሰወር የአሸዋ ዝንብ ናት። ሠራተኞቹ ይዘውት እንደተመለሱ ይታመናል፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። መንግሥት በ1977 ዓ.ም. በጀመረው ሰፈራ ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ኢሉባቦር ተወሰደ። አብዛኛው ቆላን የማያውቅ የደጋ ሰው ነበር፤ ብዙ ሰውም ሳይወድ በግዱ ተጫነ። ወባው ብዙዎችን ፈጀ። ሰፋሪው የአያቶቹ ምክር ትክክል እንደነበር ያወቀው ከደረሰ በኋላ ነው፤ አልሄድም የማለት መብት ስላልነበረው ምክሩ አልጠቀመውም።

ቆላው በተከፈተበት በዚያው ዘመን ግን መርካቶ መንገድ ራሷ ሠርታለች። የአዲስ አበባ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየሱቁና ከየንግዱ ገንዘብ አዋጥተው፣ ወደ አገራቸው የሚያስገባውን መንገድ አስጠርገዋል። መስከረም በደረሰ ቁጥር ሱቁ ተዘግቶ ሰፈሩ ጭር የሚለው ሁሉም ለመስቀል ወደ ዘመዱ ስለሚጎርፍ ነው። መንገድ የሚሠራው ባለቤት ሲኖረው ነው፤ ጉዞም የሚደፈረው በዚያው ምክንያት ነው።

ዛሬ የምናየው ደግሞ ሌላ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰባቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የተመደበበት ወላጅ ውጤቱን ሳይሆን ካርታውን ያይ ጀመር፤ «ይቅርብህ፣ ሌላ ዓመት ተፈተን» ያለ ቤተሰብ አለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከመቶ በላይ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች መታገታቸው ተዘገበ፤ ብዙዎቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እገታ የሚለው ቃል ለቤት እመቤቷም ለሱቅ ጠባቂውም የዘወትር ወሬ ሆነ። ቤተሰብ ቤቱን አስይዞ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ፣ ከዘመድ ለምኖ ገንዘብ ልኮ ልጁን ያስለቅቃል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በቀጠለው ጦርነት ደግሞ መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው ይቀራል።

ይህ ነገር ከሁሉ የሚከብደኝ በለቅሶ ነው። ጎጃም እናቱ ያረፈችበት የአማኑኤል ሰፈር ሰው መርዶው በስልክ ይደርሰዋል። ድሮ ቢሆን እድሩ ተሰብስቦ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ሌሊቱን ተጉዞ ለቀብር ይደርስ ነበር። አሁን ወንድሙ «አትምጣ፣ መንገዱ አይሆንም» ይለዋል። ቀብሩ እዚያ፣ ድንኳኑ እዚህ ይሆናል። ጎረቤት ቡና ይዞ ይመጣል፤ ልጅየው ለቀብር ማስፈጸሚያ በስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ የአርባውንም ተዝካር እንደዚያው። እናቱን ሳይቀብር የቀረን ሰው «ደኅንነትህ ይቀድማል» ብሎ ማጽናናት አይቻልም፤ ሞክሬ አውቃለሁ።

በሰፈሩ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ነገርም ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ዘመን የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስሙ ራሱ የሚሸሽ ስም ሆኖ ኖሯል፤ ቤተሰብ በሽተኛውን መጀመሪያ ጠበል ይወስዳል፣ አማኑኤል የሚያመጣው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። ያን ፍርሃት ለማሸነፍ ሐኪሞችና ነርሶች ብዙ ለፍተዋል። አሁን ግን ሕክምናውን ወዶ የተቀበለውም ከሩቅ ክፍለ ሀገር ለክትትል መምጣት ያስፈራዋል። የዚህ ሕመም መድኃኒት ደግሞ ቢቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፍቼ ድረስ መሄድ የሚፈራ ቤተሰብ ልጁን ጅዳ እንዴት ይልካል? ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን አባርራለች፤ ተደብድበው፣ ታስረው የተመለሱ ብዙ ናቸው። መንግሥትም በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ክልከላው ፍልሰቱን አላቆመውም፤ በኦቦክና በቦሳሶ በኩል ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን የሚሻገረው መንገድ ሥራውን ቀጠለ። ልጅቱ አደጋውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እዚያ አክስት አለቻት፤ ቀድማ የሄደች የጎረቤት ልጅ አለች፤ በዚህ በኩልም መርካቶ የሚቀመጥ ደላላ አለ፤ ክፉ ቢሆንም በሩ የሚታወቅና ቤተሰብ ሄዶ የሚጮህበት ሰው ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ግን የሚጮህበት የለም።

ለዚህ ነው «ጸጥታው ተሻሽሏል» የሚል መግለጫ አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ ተሳፋሪ የማይጨምረው። ሰው የሚሰማው የመጣ ሹፌርን ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ፍቼ ባለው መንገድ አንድ መኪና ቢጠፋ ስሙ የሚታወቅ ኃላፊ ቀርቦ የሚጠየቅ ቢሆን፣ ለታገተው ቤተሰብ ካሣ የሚከፍል አካል ቢኖር፣ የእህል በረንዳ ባለጭነት ይህን በአንድ ቀን ይሰማዋል። እስከዚያው ድረስ ወባ ተመልሶ ያ የተከፈተው ቆላ እንደገና እየተዘጋ ነው። ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከምክንያቶቹም አንዱ የመድኃኒትና የርጭት ሠራተኞች ግጭት ወዳለባቸው ወረዳዎች መግባት አለመቻላቸው ነው።