እንስራና ጀሪካን፤ ስለ ቤት ዕቃ ዋጋና ዕድሜ

የቤት ዕቃ ዋጋና ጥንካሬ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ለመመርመር የውሃ መቅጃ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከማናቸውም ቤት የማይታጣ፥ በየቀኑም የሚሠራበት ዕቃ ነውና።

እንስራ ያለ መንኰራኵር በእጅ የሚሠራ ሸክላ ነው። ሠሪዋ ጭቃውን ከደቀቀ ገል ጋራ ትለውሰዋለች፤ ገሉም ሲደርቅና ሲተኰስ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የሸክላ ዕቃን በሚይዘው እህል ልክ መለወጥ በብዙ ቦታ የታወቀ ልማድ ነበር፤ ይኸውም ዋጋው በሆዱ ስፋት ይተመን ነበር ማለት ነው። ሠሪዋ ግን እህሉን ስታገኝ ክብሩን አታገኝም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ «ቡዳ» የሚለው ስም ቶሎ አልጠፋም።

እንስራ ከባድና ተሰባሪ ነው። ሆኖም መሰበሩ የአገልግሎቱ ፍጻሜ አልነበረም። ስብርባሪው የዶሮ ውሃ መጠጫ ወይም የእሳት መጫሪያ ይሆናል፤ በመጨረሻም ተወቅጦ ወደ አዲስ ጭቃ ይገባል።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ አገር ዕቃ በብዛት ይገባ ጀመር። ነጭ ጋዝ የመጣበት ቆርቆሮ ባዶ ሲሆን ውሃ መቅጃ ሆነ፤ ለዚያ የማይበቃውም ተቈርጦ ኩራዝ ይሠራበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሙን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ወታደሮች የነዳጅ መያዣ የወረሰው ጀሪካን በፕላስቲክ ተሠርቶ መጣ። ለምትሸከመው ሴት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ 20 ሊትር ውሃ ብቻውን 20 ኪሎ ሲመዝን፥ የሸክላው ክብደት ቀርቶላታል፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ነገር ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከተሰነጠቀም በኋላ የሚመለስበት ጭቃ ስለሌለው በየሜዳው ይቀራል። ውሃውንም እንደ እንስራ አያቀዘቅዝም፤ ከሸክላው ገላ የሚወዛው ውሃ ሲተን የቀረውን ያበርዳልና።

ስለዚህ የዱሮ ዕቃ ሁሉ ጠንካራ ነበር የሚለው አነጋገር ለውሃ መቅጃ አይስማማም። ረጅም የነበረው የጭቃው ዕድሜ እንጂ የእንስራው አይደለም። የለውጡም ጥቅም ለሁሉ አንድ አልሆነም፤ ውሃ ቀጂዋ ሸክሟ ሲቀልላት፥ ሸክላ ሠሪዋ የእንስራ ገበያዋን እያጣች ሄደች። ከቀሩላት ሥራዎች ዋናዎቹ ጀበናና ምጣድ ናቸው፤ እነዚህም እሳት ላይ ስለሚጣዱ ፕላስቲክ ሊተካቸው አልቻለም።