ረዳት መምህሩና ተማሪው በከፍተኛ ትምህርታችን ታሪክ

የአንድን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከመሥራቾቹ፣ ከፕሬዚዳንቶቹና ስማቸው ከገነነው ፕሮፌሰሮች ነው። ሕንፃው የተመረቀበት ቀን፣ ቻርተሩ የታወጀበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረቁት ተማሪዎች ቁጥር በቅደም ተከተል ይሰፍራል። ይሁን እንጂ ተማሪ የነበረ ሰው የትምህርት ዘመኑን ሲያስታውስ፣ ከፕሮፌሰሩ ፊት ቀድሞ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ፊት ነው። ይኸውም የመልመጃውን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ አብሮት የሠራው፣ በላቦራቶሪ ውስጥ የመለኪያውን መርፌ እንዴት እንደሚያነብ ያሳየው፣ ሪፖርቱን በቀይ ቀለም አርሞ የመለሰለት ወጣት ረዳት መምህር ነው።

ይህ ደረጃ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ «ረዳት ምሩቅ» ይባላል፤ በተማሪው አፍ ደግሞ «ጂ.ኤ.» ተብሎ ይጠራል። ከመምህርነት ማዕረጎች ሁሉ ታችኛው እርሱ ነው፤ ለተማሪው ግን የሚቀርበውም እርሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ደረጃ ጉዞ ባጭሩ ተከትሎ አንድ ነገር ለማመልከት ነው። ረዳት መምህር ተማሪውን በሚገባ ሊረዳ የሚችለው፣ እርሱ ራሱ ወጥቶ የሚጠይቀው ዋና መምህር ከበላዩ ሲኖር ነው። ይህ ሰው ከሌለ ረዳትነቱ በስም ብቻ ይቀራል፤ ጉዳቱም በተማሪውና በረዳቱ ላይ እኩል ይወድቃል።

አስቀድሞ መታወስ የሚገባው፣ የረዳት መምህርነት አሠራር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ፊደል ያልለየውን ያስቆጥራል። በቅኔ ቤትም «አስነጋሪ» የሚባለው ከፍ ያለ ተማሪ ጀማሪዎቹን ግስና አገባብ ያስጠናል፤ የቆጠሩትን ቅኔ ሰምቶ ያቃናል። አስነጋሪው ገና ራሱ ተማሪ ነው። ነገር ግን የኔታ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አስነጋሪውን ያስቸገረው ወደ እርሳቸው ይሄዳል። ጀማሪውም ይህን ስለሚያውቅ አስነጋሪው «ይህንስ የኔታን ልጠይቅ» ቢለው አይንቀውም። እንዲያውም መጠየቅ የሊቅነት መንገድ መሆኑን ከዚያ ይማራል።

በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ያለው የረዳት መምህርነት መልክ ግን በአመዛኙ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ እየሰጠ ምርምርን የዩኒቨርሲቲ ዋና ሥራ በማድረግ ለሌሎች ምሳሌ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ወደ ኮሌጆች ሲያስገባ፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ፕሮፌሰር በሰፊ አዳራሽ ለመቶዎች እንዲያስተምር፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ተማሪውን በትንንሽ ቡድን ከፍለው እንዲያለማምዱና ፈተና እንዲያርሙ አደረጉ። አሠራሩ ርካሽ ነበረና ሰፋ። ከሰፋ በኋላ ደግሞ ረዳቶቹ ራሳቸው ድምፃቸውን አሰሙ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በማዲሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የረዳት መምህራን ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1970 አድማ መትቶ የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት አገኘ። ጥያቄያቸው የደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ በሚያስተምሩት ትምህርት አቀራረብ ላይ የመመካከር ድርሻም ይፈልጉ ነበር። ነገሩ ዛሬም አልበረደም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ያህል የአካዳሚክ ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸው ይታወሳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ኮሌጁን ያደራጁትም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። በ1945 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ተከተለ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል፣ የሕንፃ ኮሌጁ ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር ተቋቋሙ። እነዚህ ኮሌጆች በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ ትልቁ ጥያቄ መምህራኑን ኢትዮጵያውያን ማድረግ ነበር። መልሱም የሚከተለው ሆነ፦ ከየትምህርት ክፍሉ በውጤቱ ብልጫ ያሳየው ምሩቅ በረዳትነት እንዲቀር፣ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ለማስተርስና ለዶክትሬት ወደ ውጭ እንዲላክ፣ ሲመለስም የክፍሉን ወንበር እንዲረከብ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆነው የምናውቃቸው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በዚህ በር ገብተዋል።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተማሪው ልምድ ምን ይመስል ነበር? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩም የሚናገረው እንግሊዝኛ እንደ አገሩ ይለያያል። ከጠቅላይ ግዛት ለመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ፈተና ሒሳቡ ሳይሆን ሒሳቡ የሚነገርበት አፍ ነበር። ረዳት መምህሩ ከዚህ ላይ ድልድይ ይሆናል። በስዕል ክፍል ውስጥ ቲ-ስኴርና ሦስት ማዕዘን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዘዋወር፣ በላቦራቶሪ የሲሚንቶ ናሙና ሲሰበር አጠገብ ሲቆም፣ ያልተገባውን ነገር ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ያስረዳል። ተማሪው ፕሮፌሰሩን ለመጠየቅ የሚያፍረውን ሁሉ እርሱን ይጠይቃል። ትናንት እርሱም በዚያው ወንበር ተቀምጦ እንደ ነበር ያውቃልና።

ሆኖም ቅርበቱ መልካም ገጽ ብቻ አልነበረውም። የመልመጃውንና የላቦራቶሪውን ነጥብ የሚሰጠው እርሱ ስለ ሆነ፣ በዕድሜ የሚበልጠው በሁለትና በሦስት ዓመት ብቻ የሆነ ወጣት በተማሪው ዕጣ ላይ ሥልጣን ነበረው። ይህን ሥልጣን በትሕትና የያዙት ብዙዎች ናቸው፤ ለኩራት፣ ለወዳጅነት ወይም ሴት ተማሪዎችን ለማስጨነቅ የተጠቀሙበትም አልጠፉም። በመሠረቱ መከላከያው አንድ ነበር፤ ረዳቱ የሰጠውን ነጥብ የሚመረምር፣ ተማሪውም ቅሬታውን ይዞ የሚሄድበት ዋና መምህር መኖሩ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሊታይ ይገባዋል። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ከዓመት በኋላ የተመለሰው ተማሪ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው። ማስተማር ያላወቁትን እንደሚያጋልጥ በሰውነቱ ቀምሶታል።

ይህ ሥርዓት ገና ሥር ሳይሰድ አብዮቱ ደረሰ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ከውጭ አገር መምህራን ብዙዎቹ ሄዱ፤ ለትምህርት የወጡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ቀይ ሽብርም ከተማሪውና ከወጣቱ ምሁር የቀጠፈው ቀጥፏል። ትምህርት ሲቀጥል ክፍተቱን በከፊል ከሶሻሊስት አገሮች የመጡ መምህራን ሞሉት፤ በከፊል ግን የተሸከሙት ረዳቶች ናቸው። ትናንት መልመጃ ብቻ ያሠራ የነበረው ወጣት ሙሉ ኮርስ ይዞ ቆመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጀመሩ ነገሩን አሻሻለው፤ ረዳቱ በአገሩ ውስጥ ማስተርሱን እየተማረ፣ ከአማካሪው ጋር በየጊዜው እየተገናኘ ማስተማር ቻለ። የተበጠሰው ገመድ በመጠኑ ተቀጠለ።

ሁለተኛው መፈተኛ የመጣው በሰላም ጊዜ፣ በመልካም ዓላማ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲዎቹ ቁጥር መጨመር ጀመረ፤ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ግድም 13 አዳዲስ ተከፈቱ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ከአዲስ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲ በሩቅ የሚሰማበት አካባቢ ሁሉ የራሱን ዩኒቨርሲቲ አገኘ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሕንፃ በሦስት ዓመት ይሠራል፤ መምህር ግን በሦስት ዓመት አይሠራም። ስለሆነም በሐምሌ የተመረቀው ልጅ በጥቅምት በመቶ ተማሪ ፊት ቆመ። ከበላዩ ማንም አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከነዚህ ልጆች አንዱ ነበር፤ አስቀድሞ በተማሪነት፣ በኋላም በረዳትነት። በሁለተኛ ዓመት የቁሶች ጥንካሬን ያስተማረን ረዳት ዓምና የተመረቀ ሲሆን፣ የሚያነብልንም ከራሱ የተማሪነት ደብተር ነበር። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን እጁን አንሥቶ፣ በምሰሶው መካከል፣ በኒውትራል አክሲስ ላይ የመጉበጥ ውጥረቱ ዜሮ ከሆነ፣ የሺር ውጥረቱ ከዚያው ላይ ትልቁ የሚሆነው ስለምንድር ነው ሲል ጠየቀ። ረዳቱ ጥቂት ዝም አለና «ፎርሙላው የሚሰጠን እንደዚያ ነው፤ እንቀጥል» አለ። ሁላችንም ሳቅንበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ አቅራቢው ያንኑ ኮርስ ሲያስተምር ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የሰጠውም መልስ ያው ነበር፤ ፎርሙላው እንደዚያ ይላል። በዚያ ቅጽበት የቀድሞው ረዳት ዝምታ ምን እንደ ነበር ገባው። አለማወቅ ብቻ አልነበረም። «ጠይቄ እመለሳለሁ» ለማለት የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በፎቁ ላይ ያሉት ቢሮዎች ሁሉ የእኩዮቹ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለሁለት ሳምንት ያህል ተጋብዘው መጡ። ጥያቄውን ሲሰሙ ሁለት ስስ ሳንቃ አስመጥተው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡና፣ ጫፍና ጫፉን አስደግፈው መካከሉን በእጃቸው ተጫኑት። ሳንቃዎቹ ሲጎብጡ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተተ። «እነዚህ በሙጫ ቢጣበቁ ኖሮ፣ እንዳይንሸራተቱ የሚይዘው ሙጫ ያለው የት ላይ ነው?» አሉ። መካከሉ ላይ ነበር። ነገሩ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በፊት ግን ሁለት የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ሳይሰሙት ወጥተዋል፤ ከነርሱም ዛሬ ምሰሶ የሚሠሩ ይኖራሉ።

ከዚህ የምንረዳው ረዳቶቹ ሰነፎች እንደ ነበሩ አይደለም፤ በየክፍላቸው ከነበሩት ተማሪዎች የላቁ ነበሩና። ችግሩ ረዳትነቱ ከመሰላሉ መነቀሉ ነው። መንግሥት ይህን ተመልክቶ በባችለር ዲግሪ ብቻ የሚያስተምሩትን ድርሻ ወደ ዜሮ ለማውረድ ማቀዱ ይታወቃል። ዕቅዱ ከጉድለቱ አንዱን ወገን ያያል። የማስተርስ ዲግሪ ያለው ወጣትም ከበላዩ የሚጠይቀው ከሌለ ያው ነው። ረዳቱን ማጥፋት ሳይሆን፣ ለረዳቱ ዋና መምህር መስጠት የተሻለ ይመስላል።

ይህ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነው ብለን እንዳናልፈው የራሳችንን ሙያ እንመልከት። በግንባታ ቦታ ብቻውን የተላከ አዲስ መሐንዲስ ከዚያ ረዳት በምን ይለያል? እርሱንም ግንበኛው ይጠይቀዋል፤ እርሱም የሚጠይቀው ከሌለው «ፕላኑ እንደዚያ ይላል» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በማኅበራችን ውስጥ ያላችሁ ልምድ ያካበታችሁ አባላት፣ በተለይም ከሥራ ያረፋችሁት፣ በአቅራቢያችሁ ካለው ዩኒቨርሲቲ አንድ የትምህርት ክፍል ይዛችሁ በወር አንድ ቀን እንኳ ከረዳት መምህራኑ ጋር ብትቀመጡ፣ ማኅበሩም ይህን በሥርዓት ቢያደራጀው፣ ብዙ ወጪ የሌለው ትልቅ ሥራ ይሆናል። ኮርስ እንድታስተምሩ አይደለም። ረዳቱ ነገ በክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ሳያፍር፣ «ይህን ጠይቄ እመለሳለሁ» ለማለት እንዲችል ነው።