የትምህርት ቤት መድረክ ሲያረጅ ማን ያድሰው?



እንደሚታወቀው፣ በየሰፈራችን የሚገኙት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት እኛ ወደዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት ነው። ሕንፃው ሲያረጅ አዳራሹም አብሮት ያረጃል። የመድረኩ እንጨት ይላላል፣ መጋረጃው ይቀደዳል፣ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፣ ወንበሩም ይሰባበራል። በመጨረሻ አዳራሹ ይቆለፍና የአሮጌ ጠረጴዛ መጣያ ሆኖ ይቀራል።

እኔ በማኅበራዊ ሠራተኝነት በማገለግልበት ሰፈርም ይኸው ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሰዉን በሁለት ወገን ከፍሎታል። አንዱ ወገን «ግብር እንከፍላለን፣ አርኖና እንከፍላለን፣ ታዲያ ስለ ምን እንደገና እናዋጣለን? የኢሪያው ሥራ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ኢሪያውን ስንጠብቅ ልጆቻችን ትምህርታቸውን ጨርሰው ይወጣሉ፤ ባለን አቅም እናዋጣና እንጀምር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ክርክር ግን በእኛ የተጀመረ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ከእኛ በጣም የደኸየና የተናቀ ሕዝብ ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጦት ነበር። የእነርሱን ታሪክ ማወቁ ይጠቅመናል ብዬ ስላሰብኩ ዛሬ አቀርብላችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ «መድረክ ለትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ይበልጣል ወይ?» ለሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ላስታውስ። የአማርኛ ቴአትር ራሱ ብዙ ዕድገቱን ያገኘው በትምህርት ቤት ነው። ታላቁ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ አስተማሪ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክና በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤቶች እያስተማሩ ተውኔትና መዝሙር ይጽፉ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ለእኛ ልጆችማ መድረክ የበለጠ ትርጉም አለው። በክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ በመድረክ ላይ ሲናገር ወላጁ ያየዋል፤ መምህሩም እንደ አዲስ ያውቀዋል። ዕብራይስጥ የማይሰሙ እናትና አባት ወደ ትምህርት ቤቱ በደስታ የሚገቡበት ቀን ቢኖር የልጆቻቸው ዝግጅት የሚቀርብበት ቀን ነው።

ገንዘብ ማሰባሰብም ለማኅበረሰባችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከሄዱ በኋላ፣ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ብዙ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ እየተዘዋወሩ ከአይሁድ ማኅበረሰቦች እርዳታ ሲለምኑ ኖረዋል። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውና ታምራት አማኑኤል የመሩት ትምህርት ቤት የቆመው በዚያ እርዳታ ነው። ውለታው አይረሳም። ይሁን እንጂ በዚያ አሠራር ሰጪዎቹ በሩቅ ነበሩ፤ የሰጪው ልብ ሲቀዘቅዝ ወይም ጦርነት ሲመጣ ትምህርት ቤቱም አብሮ ይናጋ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ።

ጁሊየስ ሮዝንዋልድ በ1862 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ አይሁድ ስደተኞች ሲሆኑ ኑሯቸው በልብስ ንግድ ነበር። እርሱም በዚያው ሙያ አድጎ ሲርስ ሮባክ የተባለው በፖስታ ዕቃ የሚሸጥ ታላቅ ኩባንያ መሪ ለመሆን በቃ። በ1911 ቡከር ዋሽንግተን ከሚባሉት የጥቁር አሜሪካውያን የትምህርት መሪ ጋር ተዋወቀ። ዋሽንግተን በባርነት የተወለዱ፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር የተስኪጊን ኮሌጅ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። የመንግሥት ገንዘብ በአብዛኛው ለነጮቹ ይሰጥ ስለነበር የጥቁር ልጆች በጸሎት ቤትና በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ይማሩ ነበር።

ሮዝንዋልድ በ1912 ኀምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ለተስኪጊ 25 ሺህ ዶላር ሰጠ። ዋሽንግተን ከዚያ የተረፈውን ጥቂት ገንዘብ ለስድስት ትንንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ እንዲያውሉት ጠየቁት፤ እርሱም ፈቀደ። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ሕዝቡ ራሱ የድርሻውን ካዋጣ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1913 በአላባማ ሎቻፖካ በተባለች መንደር ተሠራ። ሒሳቡን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ጠቅላላው ወጪ 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የመንደሩ ጥቁሮች ለመሬት መግዣ 150 ዶላር አዋጡ፤ በተጨማሪም 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚገመት ጉልበት ሰጡ። በአካባቢው ያሉ ነጮች 360 ዶላር፣ ሮዝንዋልድ ደግሞ 300 ዶላር ጨመሩ። ሀብታሙ ሰው ከሲሶው በታች ነው የሰጠው ማለት ነው። ጉልበትም እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ በመዝገብ መግባቱን አስተውሉ። በአገራችን ደቦ የምንለው ነገር በዚያ ወረቀት ላይ ዋጋ ተጽፎለታል።

ሥራው ከዚህ ተነሥቶ እስከ 1932 ድረስ በ15 ክፍለ ሀገሮች 5,357 ሕንፃዎች ተሠሩ፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች፣ የቀሩት የመምህራን ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች ነበሩ። ጠቅላላው ወጪ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የሮዝንዋልድ ድርጅት የሰጠው 4.3 ሚሊዮን ያህል ነው። ጥቁሮቹ ከኪሳቸው ያዋጡት ግን 4.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ድሆቹ ከሚሊየነሩ በለጡ!

ከየት አመጡት? ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ከማሳቸው ጥቂቱን ለይተው በዚያ ላይ የበቀለውን ጥጥ ለትምህርት ቤቱ ይሸጡ ነበር። ሌሎች ዶሮና እንቁላል ሰጡ። ሴቶቹ ራት አዘጋጅተው በሣጥን ያሽጉና በጨረታ ይሸጡ ነበር፤ ልጆቹም ዘፈንና ጨዋታ እያሳዩ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። በአላባማ ቦሊጂ በተባለ ስፍራ በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ የባርነትን ዘመን ያዩ አንድ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ከአሮጌ ከረጢት አውጥተው በጠረጴዛው ላይ እንዳፈሰሱት ተመዝግቧል። ገንዘቡ 38 ዶላር ነበር። እርሳቸው የሚማሩበት ዕድሜ አልፏል፤ የሰጡት ለሚመጣው ትውልድ ነው።

ስለ መድረክ የጀመርኩትን አልረሳሁም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ሲነደፉ የመንደሩ መሰብሰቢያ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ሁለት የመማሪያ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ የሚታጠፍ ስለነበር፣ ሲከፈት አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሆናል፤ በበርካታዎቹም ውስጥ ትንሽ መድረክ ነበር። ቀን ልጆች ይማሩበታል፣ ማታ ወላጆች ይሰበሰቡበታል፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ተማሪዎች ተውኔት ያሳዩበታል። በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ውስጥ እንኳ መድረክ እንደ ትርፍ ነገር አልታየም። ትምህርት ቤቱን የመንደሩ ንብረት የሚያደርገው ሕዝቡ የሚገባበት አዳራሽ እንደሆነ አውቀው ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በማር ብቻ ቀብቼ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ አንደርሰን በ1988 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ነገር ድርብ ግብር ብሎ ነቅፎታል። እነዚያ ጥቁሮች እንደ ማንኛውም ሰው ግብር ከፍለው ነበር፤ ግብራቸው ግን ለነጮች ትምህርት ቤት ዋለ። ስለዚህ ለራሳቸው ልጆች እንደገና መክፈል ግድ ሆነባቸው። ይህ ግፍ ነው። በእኛም ስብሰባ «ስለ ምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን?» ያለው ወገን የተናገረው ይህንኑ እውነት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምን ነበር? የሮዝንዋልድ ድርጅት ሌላም ግዴታ ነበረው። ሕንፃው ሲያልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ መመዝገብ ነበረበት። የአካባቢው መንግሥትም ከግብር ገንዘብ ድርሻውን እንዲሰጥና ትምህርት ቤቱን እንዲጠብቅ መስማማት ነበረበት። ከጠቅላላው ወጪ ወደ 64 ከመቶ የሚሆነው በመጨረሻ የወጣው ከመንግሥት ካዝና ነው። እንግዲህ የጭሰኞቹ ሳንቲም ሕንፃውን ብቻውን አልሠራውም፤ የተዘጋውን የመንግሥት ካዝና የከፈተ ቁልፍ ሆነ። መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ የሚያስቀር ከሆነ ይጎዳል፤ ግዴታውን እንዲወጣ የሚያስገድደው ከሆነ ግን ይጠቅማል። የሁለቱ ወገኖች ክርክር የሚታረቀው በዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከ1954ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ላይ መማር ሲጀምሩ እነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ። ፈረሱ፣ መጋዘን ሆኑ፣ በሰበሱ። በ2002 የአሜሪካ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች መካከል ቆጠራቸው። ያን ጊዜ በየመንደሩ የተነሡት ያረጁት የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩ፤ እናት አባቶቻቸው ያሠሩትን ለማደስ እንደገና ገንዘብ አሰባሰቡ። አባቱ ያዋጣበት ቤት ለልጁ ባዕድ አይሆንበትም።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። ሮዝንዋልድ በቺካጎ ያቋቋመው የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም በስሙ እንዳይጠራ ተቃውሟል። በኒውዮርክ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1973 አቬሪ ፊሸር የተባለ ነጋዴ ለታላቁ የሙዚቃ አዳራሽ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አዳራሹ በስሙ ተጠራ። አዳራሹ አርጅቶ እድሳት ሲያስፈልገው፣ ስሙን አንሥተው ለአዲስ ሰጪ ለማቅረብ በ2014 ለቤተሰቡ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደዱ። በ2015 ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ሰጠና ስሙ ተቀየረ። ስም ሲሰጥ ለስንት ዓመት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር እንደሚያሻ ከዚህ እንማራለን።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆነውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በ1949 በወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤትን የመጠበቅ ኃላፊነት የመንግሥትና የአካባቢው አስተዳደር ነው። ስለዚህ አንድ ሼቄል ከመሰብሰባችን በፊት ለኢሪያው በጽሑፍ እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። በ1951 የተቋቋመው ሚፋል ሃፓይስም ለመማሪያ ክፍሎችና ለባህል አዳራሾች ገንዘብ ስለሚሰጥ፣ ኢሪያው በዚያ በኩል አመልክቶ እንደሆነ እንጠይቅ። «እናንተ ይህን ያህል ስታወጡ እኛ ይህን ያህል እናወጣለን» ብለን እንቅረብ እንጂ ብቻችንን አንጀምር።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ሰጪዎች ዘወትር የሚወዱት ዓይን የሚገባውን መጋረጃና ወንበር ነው። ለጣሪያና ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ነገር ግን ጣሪያው ሳይደፈን የተገዛ መጋረጃ በመጀመሪያው ዝናብ ይበላሻል፤ አሮጌ ሽቦ ባለበት አዳራሽም ሕፃናትን ማስገባት አደጋ ነው። የሰጪውን ገንዘብ ለመጋረጃው፣ የኢሪያውን ለጣሪያውና ለሽቦው ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ጉልበት ይቆጠር። ከመካከላችን ቀለም ቀቢ፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ አለ። የሰጠው ሰዓት እንደ ሎቻፖካው በመዝገብ ይጻፍለት። ሽቦና ጣሪያ ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው። ምንም ለማዋጣት የማይችል ቤተሰብ ደግሞ እንዳያፍር፣ ማን ስንት እንደሰጠ በግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ሒሳቡን ግን እንደ እቁብና እንደ እድር ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች ይዘው፣ ገቢና ወጪው በአማርኛም በዕብራይስጥም ለሁሉ ይነበብ።

በሥራዬ እንደማየው ማኅበረሰባችን በዚህ አገር በብዙ መዝገብ የተጻፈው እንደ ተረጂ ነው። ልጆቻችንም ይህን ያውቃሉ፤ ይሰማቸዋል። አንድ ልጅ በቆመበት መድረክ ላይ «ይህን ጣውላ አባቴ ቸንክሮታል፣ ኢሪያውንም ጣሪያውን እንዲሠራ ያደረጉት የእኛ ወላጆች ናቸው» ለማለት ቢችል፣ ከእድሳቱ የሚበልጥ ነገር አግኝቷል። አባቶቻችን ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ኢሪያውም ከኀምሳዎቹ አንዱ መሆኑን እንዳንረሳ።