በአፍንጫ የገባ ፍሬ

የብርቱካንና የሎሚ ዘመዶች ብዛት ያሳስታል። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ እያንዳንዱ ለብቻው የተፈጠረ ይመስላል፤ የዘር ሐረጋቸው ሲመረመር ግን አብዛኞቹ የጥቂት አያቶች የልጅ ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ከአያቶቹ ዋነኞቹ ትርንጎ፣ መንደሪንና ፖሜሎ የሚባለው የሰው ራስ የሚያህል ፍሬ ናቸው። ፖሜሎና መንደሪን ተዳቅለው መራራውን ብርቱካን ወለዱ። መራራው ብርቱካን ከትርንጎ ጋር ተዳቅሎ አውሮፓውያን የሚያውቁትን ሞላላ ቢጫ ሎሚ ሰጠ። የእኛዋ ትንሿ ክብ ሎሚ ደግሞ አባቷ ያው ትርንጎ ሲሆን እናቷ የፊሊፒንስ የዱር ዘመድ ናት። ግሬፕፍሩት በዕድሜ ከእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው፤ ከፖሜሎና ከጣፋጭ ብርቱካን የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በባርቤዶስ ደሴት ነው። ይህን ቤተሰብ ከሂማሊያ ተራሮች ግርጌ አንስቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ያደረሰው ምንድን ነው ቢባል፣ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ ጣዕም ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። ወደ ምዕራብ በተደረገው ጉዞ በር ከፋቹ ሽታ ነበር፤ ምላስ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ከዘመዶቹ ሁሉ ቀድሞ ወደ ምዕራብ የደረሰው ትርንጎ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ትርንጎ ልጣጩ ወፍራም፣ ነጩ ክፍሉ ብዙ፣ ጭማቂው ጥቂት ነው፤ ለመብል ቢመረጥ ኖሮ መጨረሻ ላይ በቀረ ነበር። ከኢየሩሳሌም አጠገብ በራማት ራሔል፣ በፋርሶች ዘመን በነበረ የቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ፣ አርኪዮሎጂስቶች በግድግዳ ልስን ላይ ተጣብቆ የቀረ የትርንጎ አበባ ብናኝ አግኝተዋል። ቦታው የሹማምንት መናፈሻ እንጂ የገበሬ ማሳ አልነበረም። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ስለዚሁ ፍሬ ሲጽፍ፣ የማይበላ መሆኑን በግልጽ ካስቀመጠ በኋላ ፍሬውም ቅጠሉም መዓዛቸው ድንቅ እንደሆነ፣ በልብስ መካከል ሲቀመጥ ብል እንደማያስነካ፣ የአፍ ጠረን እንደሚያሳምር፣ መርዝ ለጠጣ ሰው በወይን ጠጅ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ሮማዊው ፕሊኒ፣ ብዙ ሕዝቦች ትርንጎን ለመድኃኒትነቱ ብለው፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ በተበሳ ሸክላ ተክለው ወደ አገራቸው ለመውሰድ እንደደከሙ ይነግረናል። ጸሐፍቱ ፍሬውን በወሬ ብቻ አውቀውት ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ይህን የሚያዳክመው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው። ቀድሞ የማይነኩ፣ በእሱ ጊዜ ግን የተወደዱ ምግቦችን ሲያነሳ፣ ትርንጎን ገና አፋቸው ማስገባት የማይችሉ ብዙ ሽማግሌዎች እንዳሉ ይጠቅሳል። ፍሬው ከታወቀ አራት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ጣዕሙ ገና እየተለመደ ነበር ማለት ነው።

በዚህ መካከል ትርንጎ ወደ አምልኮ ገብቷል። በአይሁድ የዳስ በዓል ከዘንባባ፣ ከአደስና ከአኻያ ጋር ይያዛል፤ ከሮም ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ጊዜ በተመቱት የአይሁድ ሳንቲሞች ላይም ምስሉ አለ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 በይሁዳ የነገሠው አሌክሳንደር ያኔዎስ በዚሁ በዓል መሠዊያው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ የተቆጣው ሕዝብ በእጁ በያዘው ትርንጎ ወገረው፤ ንጉሡም 6,000 ያህል ሰው አስገድሎ ተበቀለ። በእኛ አገር በጥምቀት የሚወረወረው ሎሚ ከዚህ ቁጣ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ ይመታል፣ እሷ ካነሳችው ተስፋ አለው። ሁለቱን ልማዶች አንዱ ከሌላው ወጣ ብሎ ማያያዝ ድፍረት ይሆናል። የሚያገናኛቸው ፍሬው በበዓል ቀን ሳይበላ ከሰው እጅ መግባቱ ብቻ ነው። ሎሚ የተመረጠው ርካሽና ለውርወራ የሚመች ስለሆነ ነው የሚል አይጠፋም። ርካሽነቱ እውነት ነው። ሆኖም ርካሽና ለእጅ የሚመች ነገር ሞልቷል፤ ድንችም ለእጅ ይመቻል፣ ለፍቅር ግን ማንም አይወረውረውም። ሎሚ መዓዛ ስላለው እንደ ስጦታ ይቆጠራል፣ ይህንም የወረሰው ከትርንጎ አባቱ ነው።

ከምሥራቅ የሚመጣው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ቻይናውያን መንደሪንን ከጥንት ጀምሮ በልተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1178 ሃን ያንጂ የተባለ ጸሐፊ በዌንጆው አካባቢ የሚበቅሉ 27 ዓይነቶችን በመጽሐፍ ሲገልጽ ስለ ጣዕማቸውም ጽፏል። ይህን መቀበል ግድ ነው፤ ክርክሬም በምዕራቡ ጉዞ የተወሰነው ለዚሁ ነው። ቢሆንም እዚያው ቻይና ውስጥ እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ፣ ጭማቂ የሌለው ትርንጎ በዋናነት ቤት እንዲያውድና ለመሥዋዕት እንዲቀርብ ሲባል ይተከላል።

ሌላው ተቃውሞ ከባሕር ይመጣል፦ መርከበኞችን ድድ እያደማ ከሚገድለው ስከርቪ ያዳነው ኮምጣጣነቱ አይደለም ወይ? አይደለም። የመርከብ ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ በ1747 በሳልዝበሪ መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲያክም፣ ለአንዳንዶቹ ኮምጣጤ፣ ለሌሎቹ በውኃ የቀጠነ የሰልፈር አሲድ ሰጥቷል፤ በፍጥነት ያገገሙት በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን በ1795 ደንብ አደረገ። ከዚያ በ1860ዎቹ ቢጫውን ሎሚ የካሪቢያን ደሴቶች ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ተካው። እሱም እኩል ይኮመጥጣል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ግን ያነሰ ነው፤ በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተላኩት መርከበኞች በስከርቪ ተመቱ። ምላስን የታመነ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የዛሬው ብርቱካን ነጋዴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሊስቅ ይችላል፤ የሚሸጠው ጣፋጩ ነውና። ነገር ግን ጣፋጩ ሜዲትራኒያን የደረሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ነው። መራራው በ10ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከአረቦች ጋር መጥቶ ነበር። በሲሲሊና በስፔን አምስት መቶ ዓመት ያህል የተተከለው ብርቱካን፣ ልጦ ለመብላት የማይመቸው ማለት ነው፤ ሰዎች የወደዱት ጥላውን፣ አበባውንና ከአበባው የሚወጣውን ሽቶ ነው። ጣዕም ገበያውን ከያዘ በኋላም ሽታ ድርሻውን አልለቀቀም። በ1709 ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና በኮሎኝ ከተማ ሽቶውን ሲቀምም ከዋነኞቹ ግብዓቶቹ አንዱ ቤርጋሞት ነበር፤ ይህም የመራራ ብርቱካንና የሎሚ ዲቃላ፣ የደቡብ ጣሊያን የካላብሪያ ፍሬ ነው። የካላብሪያ ገበሬዎች ዛሬም የሚያለሙት በዋናነት ለልጣጩ ዘይት ነው፤ ጭማቂው ለረጅም ጊዜ የፋብሪካው ተረፈ ምርት ሆኖ ኖሯል።