ሊዮንታይን ፕራይስ፦ ከሊዮኖራ እስከ አይዳ

ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጁሴፔ ቬርዲ የደረሰው «አይዳ» የተባለው ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1871 በካይሮ ነው። ባለታሪኳ አይዳ በግብፅ ተማርካ በባርነት የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ይህችን ልዕልት በመድረክ ላይ ሕያው ካደረጉት ድምፃውያን መካከል ስሟ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ሊዮንታይን ፕራይስ ናት። ሆኖም ዝናን ያተረፈላት ይኸው ክፍል አንድ ጊዜ ከባድ ምርጫ ፊት አቁሟት ነበር።

ፕራይስ በ1927 በሚሲሲፒ ግዛት ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፣ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። በዚያ አገር ጥቁሩና ነጩ በሕግ ተለያይቶ ይኖር ስለ ነበር፣ እርስዋም በመጀመሪያ ያሰበችው አስተማሪ ለመሆን ነበር፤ ድምፅዋ ግን በኒውዮርክ ወደሚገኘው የጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አደረሳት። በ1952 «ፖርጊ እና ቤስ» በተባለው ኦፔራ የቤስን ክፍል ይዛ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ተዘዋወረች። በ1955 «ቶስካ»ን በቴሌቪዥን ስትጫወት ግን አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች ዝግጅቱን አናስተላልፍም አሉ።

በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1958 በቪየና አይዳን ተጫወተች፤ በቪየና ኦርኬስትራውን የመራው ኸርበርት ፎን ካራያን ነበር። በዚሁ ጊዜ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አይዳን እንድትጫወት ጠራት። በዚያ መድረክ ጥቁር ድምፃዊት በዋና ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችው በ1955 ማሪያን አንደርሰን ስትሆን፣ በሩ ገና ገርበብ እንዳለ ነበር። ፕራይስ ግን ጥሪውን አልተቀበለችም። በቴሌቪዥኑ «ቶስካ» ኦርኬስትራውን የመራው ፒተር ኸርማን አድለር፣ ወደዚያ ቤት መጀመሪያ መግባት ያለባት በእመቤትነት እንጂ በባሪያነት አይደለም ሲል መክሯት ነበር።

በጥር 27 ቀን 1961 የስፔን ቤተ መንግሥት ወይዘሮ የሆነችውን ሊዮኖራን ይዛ በቬርዲ «ኢል ትሮቫቶሬ» ወደ ሜትሮፖሊታን ገባች። ጭብጨባው ከ40 ደቂቃ በላይ እንደ ቆየ ይነገራል። ክብሯን በዚህ ካስመሰከረች በኋላ በዚያው ዓመት አይዳንም በዚያ መድረክ ተጫወተች። በ1966 አዲሱ የሜትሮፖሊታን አዳራሽ ሲመረቅ ለበዓሉ በተደረሰው የሳሙኤል ባርበር «አንቶኒ እና ክሊዮፓትራ» ንግሥቲቱ እርስዋ ነበረች።

በጥር 3 ቀን 1985 ከኦፔራ መድረክ ስትሰናበት የመረጠችው አይዳን ነው። ምርኮኛይቱ ልዕልት ዳግመኛ የማታየውን አገሯን የምታስብበትን ዜማ ስትጨርስ ጭብጨባው ለደቂቃዎች ትርኢቱን አቆመው። የአይዳ ክፍል ከመጀመሪያውም የሚናቅ አልነበረም፤ ፕራይስ እንቢ ያለችው ሌሎች በዚያ ክፍል እንዳይወስኗት ነበር። ባለሙያ መቼና በየትኛው በር እንደሚገባ ራሱ መወሰኑ ትዕቢት ሳይሆን ሙያውን ማክበሩ መሆኑን ሕይወቷ ይመሰክራል።