መከላከል
«መከላከል» ከለከለ ከሚለው ግስ የወጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ክፉው ነገር ከመድረሱ አስቀድሞ መንገዱን መዝጋት እንጂ፣ ከደረሰ በኋላ ቍስል ማሰርና ከዳኛ ፊት መቆም አይደለም፤ ይህ የኋለኛውም ምግባረ ሠናይ መሆኑ አይካድም። በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ለመከላከል የሚሰጥ ገንዘብ ግን ፍሬው ያልተደረገ በደል ስለ ሆነ ለመዝገብ ያስቸግራል፤ ያልተጠለፈችን ልጅ ማን ቈጥሮ ለለጋሽ ያሳያል? በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621፣ ከገቢው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ሥራ እንዳይገባ በማገዱ፣ መከላከልን ራሱን የከለከለ ሕግ ሆኖ፣ ለሴቶች በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1113 እስኪሽረው ድረስ፣ ሥራውን እጅግ አጥብቦ እንዲኖር ተገደደ።